የእንኳየሁ ጣሳ

እንኳየሁ መሰረትን ደግፋ ወደ ቤቷ ያስገባች ዕለት መጀመሪያ የሸሸው ጠጪው ነው። ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠላ ስትሸጥ ብዙ ዘመኗ ነው። ያን መንገድ የሚመላለስ ሹፌርም ሆነ ከካምፑ የሚወጣ ወታደር የእሷን ደጅ ሳይረግጥ አያልፍም ነበር። ጌሾ አታበዛ፣ ውሃ አትደባልቅ፤ ደግሞም እንደ አገሩ ልማድ ከጣሳው ፉት ብላ ቀምሳ ነው ለእንግዳ የምትሰጠው። ጠላ ሻጭ ቀምሳ ከሰጠች ጠጪው ያለ ሐሳብ ይጨልጣል። ሳትቀምስ የሰጠች እንደሆነ ግን ነገር አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለችውን ሰው በዓይኑም አያያት።

አያ ዋኘው የእድሩ ዳኛ ነው፤ የቤቷም የዘወትር ደንበኛ። በማግስቱ እንደ ልማዱ መጥቶ መደብ ላይ ተቀመጠ። እንኳየሁ ቀድታ፣ ቀምሳ ሰጠችው። ከጓዳ የመሰረት ሳል ሲሰማ አያ ዋኘው ጣሳውን እንደ ሞላ መደቡ ላይ አስቀመጠና ሆዱን ቁርጠት እንደያዘው ተናግሮ ወጣ። በዕድሜው ጣሳ አስተርፎ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ቁርጠቱ ሰፈሩን ሁሉ ያዘው። አንዱም ተመልሶ አልመጣ፤ ጋን ሙሉ ጠላ ሆምጥጦ ተደፋ።

መሰረት የኮላ ድባ ልጅ ናት። ባሏ ወደ ዛሪማ እህል የሚጭን ሹፌር ነበር፤ ከእንኳየሁ ቤት ጀርባ ካለው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እሱ ሲሞት ሳንባ ነው ተባለ። እሷ መክሳት ስትጀምር ግን ሳንባ ነው የሚል ጠፋ። በሽታውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ያ በሽታ» ይሉትና ፊታቸውን ያዞራሉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ አከራይዋ ውጪ ብሏት እምቢ ብትል የቤቱን መዝጊያ ከነማጠፊያው ነቅሎ ወሰደ። ወንድሟ ከኮላ ድባ መጥቶ በሩቁ አያት፤ አንድ ስልቻ ጤፍ አጥሩ ሥር አስቀምጦ እህቱን እንኳ ሳይስም ተመለሰ። ያን ያየችው እንኳየሁ ናት።

እንኳየሁም ያለ ሰው የቀረች ናት። ባሏ ወታደር ነበር፤ በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ከሄደበት ሳይመለስ ቀረ። የት እንደወደቀ፣ ሲወድቅስ ማን ውሃ እንዳቀመሰው አታውቅም። አንዲት የማታውቃት ሴት አቅምሳው ይሆናል እያለች ነው ራሷን አጽናንታ የኖረችው። እንግዲህ መዝጊያ በሌለው ቤት ነፋስ ሲገርፋት የምታድርን ልጅ አይታ እንዴት ትለፍ? አላለፈችም።

ማስታመሙ እንዲህ በወሬ እንደሚባለው አልነበረም። ልብሷን ማጠብ፣ የቆሰለ አፏን በጨው ውሃ መጥረግ፣ አጥሚት በማንኪያ እያባበሉ ማጉረስ፣ የበላችውን ስትመልሰው ደግሞ እንደ ገና መጀመር ነበር። እንኳየሁ አንዳንድ ቀን ይሰለቻታል፤ ትቆጣለች፤ ተቆጥታም ጓሮ ወጥታ ታለቅሳለች። ጠላው ስለ ቆመ ጥጥ እየፈተለች ነው ሁለቱን የምታኖረው። መሰረት በዚህ ሁሉ የምታፍረው በአንድ ነገር ነበር፤ በጣሳው።

«እትዬ፣ የኔን ጣሳ ለይልኝ» አለቻት አንድ ቀን። «አንቺንም ሰው ይጠየፍሻል።»

እንኳየሁ ውሃውን ፉት አለችና ጣሳውን አቀበለቻት። «እኔ ቤት ሳይቀመስለት የሚጠጣ እንግዳ የለም።»

የዚያ በሽታ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረ ሰሞን እንኳየሁ ልጅቱን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ክኒኑ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መሆኑን፣ አንድ ቀን እንኳ መቋረጥ እንደሌለበት ነገረቻቸው። ደግሞም አስታማሚ ካልመጣ አንሰጥም አለች። እንኳየሁ እኔ አለሁ ብላ ቀረበች፤ ክኒኑን እንደማታስቋርጣት በማርያም ስም ቃል ገባች።

ክኒኑ ሠራ። መሰረት መጀመሪያ ተቀመጠች፣ ቀጥሎ ቆመች፣ ከዚያ ጉንጯ ሞላ። ጀሪካን ይዛ ቦኖ ወረደች። ሴቶቹ ሲያዩዋት የራሳቸውን ጀሪካን እያነሱ ገለል አሉ። ብቻዋን ቀድታ ተመለሰችና ጥጡን ትባዝት ጀመር። ሥጋዋ ድኗል፤ ሰፈሩ ግን አልዳነም። እንኳየሁን እንደዚያን ቀን ያንገበገባት ነገር የለም።

አያ ዋኘው አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አጥሩ ዘንድ ቆም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ጥሩ ጸበል አለ ሲሉ መስማቱን፣ ተጠምቀው ደማቸው ንጹሕ ሆኖ የተመለሱ መኖራቸውን አወራላት። ልጅቱ እንዲያ ሆና ከመጣች ከዚያ ቤት ጣሳ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱ ራሱ እንደሚሆን፣ ሰፈሩም እንደሚከተለው ነገራት። እንኳየሁ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። መሰረት ከሰው መሃል ተቀምጣ ስትስቅ ማየት ፈለገች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ለልጅቱ ብቻም አልነበረም፤ ባዶ መደብ ማየት ሰልችቷታል።

መስቀል እንዳለፈ በደባርቅ መንገድ ተሳፍረው ሄዱ፤ ከዚያ ወርደው በእግር ቁልቁል ተጓዙ። ጸበሉ ከገደል ሥር ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የውሃው አይደለም። በሩ ላይ የቆመው አጥማቂ የሚገባውን ሁሉ መድኃኒት ይዞ እንደሆነ ይጠይቃል። መሰረት የክኒኑን ዕቃ ከጉያዋ አውጥታ አሳየችው። እሱም በሁለት ልብ ወደ እግዜር አይኬድም፤ ይኸን ካመንሽ ከዚሁ ተመለሽ፣ እሱን ካመንሽ ይኸን ጣይ አላት።

መሰረት አጥማቂውን አላየችውም። ዞራ እንኳየሁን አየች።

«እትዬ፣ ምን ላርግ?»

እንኳየሁ ነርሷ ትዝ አለቻት፤ በማርያም ስም የገባችው ቃልም ትዝ አላት። ዳሩ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ያደገችው አንድ ነገር ነው፤ ጸበል ባልንጀራ አይወድም። የባዶ መደቧም ነገር ከልቧ አልወጣም።

«ጣይው ልጄ» አለች። «እኔ አለሁልሽ።»

መሰረት ወደ ገደሉ ወረወረችው። ዕቃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ወረደ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ሁለቱም ቆመው ሰሙት። ከዚያ ገቡ።

መጀመሪያ ደህና ነበረች። በማለዳ ተጠምቃ፣ ሽምብራ ቆርጥማ፣ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። እዚያ ሁሉም በሽተኛ ስለሆነ የሚሸሻት አልነበረም። ከሴቶች ጋር ትጫወታለች፣ ትስቃለች። እንኳየሁ በልቧ ይኸው አለች፤ ለማየት የጓጓችውን አየች። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ሳሉ ተመለሰ። አፏ እንደ ገና ቆሰለ። ሽምብራው አልወርድ አላት። እንኳየሁ ሱባዔው ይለቅ፣ ትንሽ እንታገሥ እያለች ቆየች። ገና ሲቃረብ ልጅቱ መቆም አቃታት። የማያውቋቸው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወጡላቸው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ መሰረትን አልለየቻትም። ለይታት መድኃኒቱ ጸበሉ ዘንድ መጣሉን ስትሰማ ቁጣዋ ገነፈለ።

«ማነው ጣይው ያለሽ?»

እንኳየሁ እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። መሰረት ከተኛችበት የእጇን አንጓ ጨብጣ ያዘቻት። ያ ከሲታ እጅ ያን ያህል ኃይል ከየት እንዳመጣ እንኳየሁ እስከ ዛሬ አይገባትም።

«ራሴ ነኝ» አለች መሰረት። «እትዬስ አትጣይ ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።»

ነርሷ መሰረትን ወቀሰቻት፤ እንደዚያ ሆና ለተኛች ልጅ የማይገባ ወቀሳ ነበር። ወደ እንኳየሁ ዞራ ግን እንዳንቺ ያለ አስታማሚ አላየሁም፣ እግዜር ዋጋሽን ይክፈልሽ አለቻት። እንኳየሁም ዝም አለች። ያን ዝምታ ነው እስከ ሞቷ የማትረሳው። መድኃኒቱን እንደ ገና ጀመሩላት፤ ሰውነቷ ግን ከዚያ ወዲያ የሚቀበለው አልሆነም፤ ወደ ቤቷ ይዛት እንድትሄድ ነገሯት።

ቤት ገብተው ካስተኛቻት በኋላ እንኳየሁ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት እሷ መሆኗን አወቀች።

«ምነው ዋሸሽልኝ? እኔ አይደለሁ የጣልኩሽ?»

መሰረት ትንፋሽ እስክትሰበስብ ቆየች። «የኔስ አለቀ፣ እትዬ። ነርሷ ካባረረችሽ፣ ያንቺም በር ከተዘጋ፣ ቀጥሎ የሚወድቀው የት ይገባል?»

ከዚያ ውሃ ጠየቀች። እንኳየሁ ጣሳውን አምጥታ ልትቀምስላት ወደ አፏ ስታስጠጋው መሰረት እጇን ዘረጋች። ራሷ ፉት አለችና ጣሳውን መልሳ ለእንኳየሁ ሰጠቻት። እንግዳው ለባለቤቲቱ ሲቀምስ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ነው። እንኳየሁ የተረፈውን ጨልጣ ጠጣች። ልጅቱ ከጥምቀት በፊት ሞተች።

ሰፈሩ ያን ጊዜ መጣ። ቁማ ሳለች ከቦኖ የሸሻት ሁሉ ሞታ ድንኳን ተከለላት፣ ደረት መታላት። አስከሬኑን የሚያጥብ ግን ጠፋ፤ ያችም ሥራ ለእንኳየሁ ቀረች። አጥባ ገነዘቻት፤ የገነዘችበትም ለራሷ ሞት ፈትላ ያኖረችው ኩታ ነው። የኮላ ድባው ወንድም በቀብሩ ከሁሉ በላይ ጮኸ። እንኳየሁ አላለቀሰችም፤ ሴቶቹም ልቧ ድንጋይ ነው ብለው አሟት።

ለነፍስ አባቷ ለመምሬ ወልደ ዮሐንስ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ሰምተው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ስግደት አዘዙላት፤ በፍቅር የተሠራ ስህተት መሆኑን እግዜር ያውቃል አሏት። እሷም ሰገደች። ሰግዳ ስትጨርስ ግን ነገሩ አልቀለላትም። እግዜርማ ይወቅ፤ ዛሬም በዚያ በር ላይ አንዷ ዕቃ ከጉያዋ እያወጣች ነው አለች በልቧ። ጣሳዋን በሻሽ ጠቅልላ ወደ ጸበሉ ተሳፈረች።

ከበሩ ወደ ላይ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጸበል በጣሳ ቀድታ ይዛለች። የሚወርደውን ሁሉ ታስቆማለች፤ መድኃኒትሽን አሳዪኝ፣ እዚያ ሳትደርሺ በዚሁ በጸበሉ ዋጪው፣ ዕቃውንም ደብቂ ትላለች። ብዙው ሰይጣን የላካት መስሎት እያማተበ ያልፋታል። አጥማቂው ደርሶበት ሰው ልኮ አስባረራት፤ አንድ ጊዜም ጣሳዋን በድንጋይ ጨፈላለቁባት። ከአዘዞ ሌላ ይዛ ተመለሰች። በክረምት ቤቷ ትሆናለች፤ እዚያም የተባረረ በሽተኛ አይጠፋም፤ መሰረት በተኛችበት አልጋ ብዙ ሰው ተኝቷል። አንዳንዱ ድኖ ሄደ፤ አንዳንዱን ገነዘች። ጠላ ግን ዳግመኛ አልጠመቀችም። አያ ዋኘው አርጅቶ፣ ጠጪው ሁሉ ፍርሃቱ ለቆት ቢለምናትም እምቢ አለች።

ከዓመታት በኋላ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲሄዱ ከቤተ ክህነት ትምህርት መጣ። ያው አጥማቂ በዚያው በር ቆሞ፣ በዚያው ድምፁ፣ መድኃኒታችሁን እንዳትጥሉ ሲል እንኳየሁ በጆሮዋ ሰማችው። ደስ ይላታል ብሎ ያሰበ ይኖራል። ድንጋይዋ ላይ ቁጭ እንዳለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ያን ዕለት ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ይኸ ቃል ያን ጊዜ ተነግሮ ቢሆን መሰረት ዛሬ ልጆች በኖሯት ነበር።

ከድንጋዩ ግን አልተነሳችም። በኋለኛው ዘመኗ፣ ዓይኗ ሲደክም፣ አንዲት የከሳች ልጅ ብቻዋን ስትወርድ ድንጋዩ ዘንድ ቆማ አረፍ አለች። ማንም አልተከተላትም። እንኳየሁ ጣሳውን ፉት ብላ ቀምሳ ሰጠቻት። ልጅቱ ክኒኗን አውጥታ ዋጠችና ጣሳውን ስትመልስ አሮጊቷን አስተውላ አየቻት።

«እማማ፣ ልጅ የለዎትም?»

«አለችኝ» አለች እንኳየሁ። «አዘዞ ነው የተቀበረች። በኔ እጅ ነው የሞተች።»

ልጅቱ የክኒኗን ዕቃ መልሳ ጉያዋ ከተተች። እንኳየሁ በጣሳው የቀረውን ጠጥታ ድንጋዩን ተደግፋ ተነሳች፤ ቁልቁለቱ አዳላጭ ነውና እጇን ይዛ አብራት ወረደች።