ቡፌው ላይ የቆመው ወይን

ወታደሩ ታናሽ ወንድሜ በመጨረሻው ፈቃዱ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞ መጣ። «ስመለስ አብረን እንከፍተዋለን» ብሎ ለአባታችን ሰጣቸው። እሳቸውም ሳሎን ያለው ቡፌ ላይ ዳንቴል አንጥፈው፣ ልክ በመስኮቱ ትይዩ አቆሙት። ፈላና በር ከሚባለው የከተማው ግንብ በር አጠገብ ያለው ቤታችን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባበታል። ማን ልብ ብሎት። በእኛ ሰፈር መጠጥ ቡፌ ላይ የሚቆመው ሊጠጣ ሳይሆን እንግዳ እንዲያየው ነው።

ከዚያ ወንድሜ ጠፋ። ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። ሦስት ዓመት ሙሉ። መርዶ ያልመጣለት ሰው ደግሞ አይለቀስለትም፤ ድንኳን አይጣልለትም፣ ተዝካር አይወጣለትም። እንባ እንባ ሲለኝ «አታሟርቺ» ይሉኛል። ዋጥ አድርጌ እተወዋለሁ።

እጄን አጣጥፌ መጠበቅ አይሆንልኝም። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ስለ ወይን አቀማመጥ አነበብኩ፤ ፀሐይ አይንካው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን፣ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ይጋደም ይላል። በገዛ እጃችን ስንቀቅለው ከርመናል ለካ። ንድድ አለኝ። ወዲያው አንስቼ የውሃ በርሜሎች ወደምናስቀምጥበት ጓዳ ወሰድኩትና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አጋደምኩት።

በማግስቱ ተመልሶ ቡፌው ላይ ቆሟል።

«አባዬ፣ ይበላሻል እኮ።»

«አንቺ ደግሞ ስልክ ያልነገረሽ ነገር የለም። ልጄ ሲገባ ቢያጣው ጠጡት አይልም?»

«ይበል። ሆምጣጤ ከሚጠጣ ይሻለዋል።»

«ጠቅልለሽ፣ አጋድመሽ፣ አስከሬን አስመሰልሽው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የተጋደመ ነገር ቤቴ ውስጥ አልፈልግም።»

እኔ አጋድማለሁ፣ እሳቸው ያቆማሉ። እንዲህ ስንጓተት ከረምን። ጎረቤታችን ሐረሪዋ እናት ሲመጡ ከጠርሙሱ ዓይናቸውን መለስ አድርገው «ኢንሻአላህ ይመጣል» ይላሉ፤ አባቴም «አሜን» ይላሉ። በኋላ በኋላ ደከመኝና ተውኩት። አንድ ቀን ዳንቴሉ ላይ ከጠርሙሱ ያፈተለከ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። አጥቤ መለስኩት እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ከወንድሜ ጋር የዘመተ የሰፈር ልጅ በአንድ እግሩ ተመለሰ። አባቴ ሄደው ጠየቁት። ልጁ አንድም ቃል አልመለሰላቸውም አሉ፤ መሬት መሬቱን ብቻ ነው ያየው። ቤት እንደገቡ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቡፌው ፊት ቆሙ።

«ክፈቺው» አሉኝ።

ቡሹ እጄ ላይ ተፈረፈረ። የጠርሙሱ አፍ አቼቶ አቼቶ ይላል። በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። አባቴ ተጎነጩ፤ ፊታቸው አልተለወጠም።

«ኮምጥጧል አባዬ፣ ይተዉት» አልኩ። አፌ አላርፍ ብሎ ደግሞ፣ «ያኔ እንዳልኩት ጓዳ አድርገነው ቢሆን ኖሮ…» አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው።

እሳቸው ጭልጥ አደረጉትና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ደህና አድርገን ብናስቀምጠው ኖሮ ይመጣ ነበር?»

የተፈረፈረውን ቡሽ ከዳንቴሉ ላይ መልቀም ጀመርኩ።

«በይ ሂጂ» አሉ። «ለዕድሩ ዳኛ ንገሪ። ድንኳን ይጣል።»

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩና ድምፄን አውጥቼ እያለቀስኩ ወጣሁ።