ያለ አዛዥ የቆመው ሰልፍ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በሚገኘው የስደተኞች መጠለያ ነው። ዛሬም ሰልፍ ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

ጎንደር እያለሁ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። መጠለያው ውስጥም በላስቲክ ዳስ አሥረኛ ክፍልን አስተምራለሁ። ወጪያችንን የሚሸፍነው የርዳታ ድርጅት አንድ ቀን ናኖቴክኖሎጂ እንዳስተምር አዘዘኝ። ጠመኔ ለምነን ያጣን ሰዎች፣ በዓይን የማይታይ ነገር ተፈቀደልን። ከድርጅቱ እንግዳ መጥቶ ያያል፣ ካልወደደው ክፍሉ ይዘጋል ተባለ። ከተዘጋ ልጆቹ ወደ ቁረይሻ እርሻዎች ለሰሊጥ አጨዳ መውረዳቸው ነው።

ርእሱ ሞለኪውሎች አዛዥ ሳይኖራቸው በራሳቸው ተገጣጥመው ቅርጽ ስለ መያዛቸው ነበር። ሞለኪውል ከየት ላምጣ? ከጎረቤቴ ከእማማ ትርንጎ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተዋስኩና ውሃ ሞልቼ የማሽላ ገለባ በተንኩበት። በዋዜማው ገለባው ተሳስቦ ጥሩ አድርጎ ተሰብስቦልኝ ነበር። ለካ ጠዋት እማማ ሳፋውን ወስደው ልብስ አጥበውበት ኖሯል። እንግዳው ፊት ገለባውን ስበትን፣ በሳሙናው ርዝራዥ የተነሳ ግማሹ ሰጠመ፣ ግማሹ ተበተነ።

እንግዳው ሰዓቱን አየ።

ይሄኔ ተማሪዬ ለምለም እጇን አውጥታ፣ “ቲቸር፣ እስቲ ውጭውን ይዩ” አለች።

የእንግዳው ነጭ መኪና ደጃችን ቆማለች። ከእሷ ጀምሮ እስከ ውሃ መቅጃው ድረስ ሕዝቡ ጀሪካኑንና የራሽን ካርዱን ይዞ ተሰልፏል። የጠራው የለም። እኛ ዘንድ ነጭ መኪና ከቆመ አንዱ ሄዶ ይቆማል፣ ሌላው እሱን አይቶ ከኋላው ይቆማል። ምን እንደሚታደል ልጠይቅ ያለ ተራው ያልፈዋል።

“አዛዥ የላቸውም። እያንዳንዱ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው” አለች ለምለም። ክፍሉ በሙሉ ያን ጊዜ ገባው።

ወጥቼ ፊት ላይ ለቆሙት ለእማማ ትርንጎ የሚታደል ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው።

“ዘይት ማፊ?” አሉኝ፣ የለም ወይ ለማለት በለመዱት የሱዳን አረብኛ።

የለም፣ ትምህርት ነው አልኳቸው።

“ይሁን፣ ከቆምን አይቀር እሱንም እንቀበላለን” አሉና ከቦታቸው አልነቃነቅ አሉ።

እንግዳው ሰልፉን ፎቶ አነሳ። ኋላ እንደሰማነው፣ ሕዝቡ ለናኖቴክኖሎጂ ያለውን ጥማት አድንቆ ሪፖርት አደረገ። ክፍላችን አልተዘጋም። ጠመኔው ግን ዛሬም አልመጣም።

አሁን ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ያመኛል። ልጆቼን ከአጨዳ ያስቀሩልኝ ጎረቤቶቼ፣ ያን ቀን ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ነው የተመለሱት።