ቦዩ ማዶ የቆመችው አዋላጅ

ፍራሽ አዳሽ በር ላይ ተቀምጦ ጥጥ ሲያባዝት ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ የደረቀ የጥጥ ፍሬ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ አፋር በረሃ፣ ዱብቲ የጥጥ እርሻ ላይ ነኝ፤ በደርግ ጊዜ፣ ከወሎ ለጥጥ ለቀማ የወረድን ሰዎች በሰፈርንበት ካምፕ።

ያን ዓመት ተቅማጥና ትውከት ገባ። ጠዋት ጆንያውን ይዞ የወጣ ሰው ማታ ይቀበር ነበር። ማንም እንዳይገባ እንዳይወጣ ካምፓችን በገመድ ታጠረ፤ በአንድ በኩል የመስኖ ቦይ ስላለ እዚያ መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ቆመ። በሎጊያ በኩል ወደ አሰብ የሚወርዱት መኪናዎች ማርሽ ሲቀይሩ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። አንዱ ላይ ዘልዬ ብጠፋ እል ነበር። ግን እህቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነው። ለሁላችንም ያለችው አንዲት አዋላጅ ደግሞ ቦዩ ማዶ፣ በሽታው ያልገባበት ሰፈር ነበረች።

ምጡ የያዛት ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። እኛ ሴቶቹ ከነአልጋዋ ተሸክመን ቦዩ ዳር አወጣናት፤ በነጠላ ጋረድናት። አዋላጇ ተጠርታ ከማዶ መጣች።

«ጓድ፣ አሳልፈኝ እንጂ!»

«እትዬ፣ ትእዛዝ ነው። ከገቡ መውጫ የለዎትም፤ እኔም እታሰራለሁ» አለ ጥበቃው።

«እንግዲያው ፊትህን አዙር። አንተም በዚሁ መንገድ ነው የመጣኸው!»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እህቴም ሳትቀር፣ በምጧ መሀል። ጥበቃው ጀርባውን ሰጠን፤ እስኪያልቅም አልዞረም።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ አዋላጇ፣ «ዛሬ እጄ አንቺ ነሽ። ፍርሃቱን ማታ ትፈሪዋለሽ።»

እሷ ከውኃው ማዶ ትጮኻለች፣ እኔ አደርጋለሁ። እህቴ እንደ አገራችን ወላድ የነቢዩን ልጅ እየተጣራች «ፋጢማ ድረሽልኝ!» ስትል አዋላጇን ተከትለው የመጡት የማዶ ሴቶች ይቀበሏታል። በመጨረሻ ልጅቷ ወጣች፤ ግን ድምፅ የላትም። አገራችን እንዲህ ሲሆን ቀዝቃዛ ውኃ ይረጫል። ጣሳ ይዤ ወደ ቦዩ ጎነበስኩ።

«ተይ! በሽታው እዚያ ውስጥ ነው! ጥጥ የለሽም? አፏን ጥረጊ፣ ጀርባዋን እሺው!»

ከጆንያው ፍሬ ያልወጣለት ጥጥ ዘገንኩ። አሸኋት። አሁንም አሸኋት። ፍሬው ቧጨራት መሰለኝ፣ ተቆጥታ ጮኸች። ያን ሰሞን ከካምፑ የሚወጣ ጩኸት ሁሉ ለቅሶ ስለነበር፣ ከሩቅ የሰሙን ሰው የሞተ መስሏቸው ወገባቸውን አስረው እየሮጡ መጡ። እልልታው በሁለቱም ዳር ሲቀልጥ ደንግጠው ቆሙ።

እትብቷን በውኃ በተቀቀለ ምላጭ ቆረጥኩ። ጡት ስትይዝ እንግዴ ልጁም ወረደ።

«ወደ እኔ አዙሪልኝ፣ ፊቷን ልየው» አለች አዋላጇ። ከፍ አድርጌ ያዝኳት። ዓይኗን በመዳፏ ከፀሐይ ጋርዳ እስኪበቃት አየቻት።

ገመዱ የተነሳ ዕለት እህቴ ልጅቷን ታቅፋ መጀመሪያ የሄደችው አዋላጇ ቤት ነው። እኔም ተከተልኳት። በሩ ተዘግቷል። በሽታው ወደ ማዶም እንደተሻገረ፣ እሷንም እንደወሰዳት ያኔ ከጎረቤቷ ሰማን።

«ስትደክም እንኳ ወሬዋ ስለዚች ልጅ ነበር» አለችን ጎረቤቷ። «‹የተቀበልኩትን ልጅ ሁሉ በመዳፌ መዝኛለሁ፤ ያችን ብቻ አላወቅኋትም› ትል ነበር። ወላሂ፣ ቆጭቷት ነው የሄደች።»

ከዚያ ልጅቷን ከእህቴ ተቀበለች። በሁለት መዳፏ አስተኝታ ከፍ ዝቅ አደረገቻት።

«ከባድ ናት» አለች፣ ወደ ተዘጋው በር ዞራ። «እትዬ፣ ከባድ ናት።»