እናቴ የጸለየችለት ፓርክ

በፓርኩ ውስጥ ምን እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ቤሪያ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም፤ አንድም ቀን ግን እግሬ ረግጦት አያውቅም። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው የሚታየው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ዙሪያውን የታጠረ፣ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ላይ የተለጠፈበት ቆርቆሮ። እኛ ግን የምንኖረው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሶፋችን ክንድ ላይ ወጥቼ በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታየኛል፦ ላስቲኩ ያልተላጠለት ቢጫ ሸርተቴ፣ አናት የሌላቸው የመብራት ምሰሶዎች፣ ዝገት የበላው የሲሚንቶ ማቡኪያ፣ ለዛፍ ተቆፍረው ዛፍ ያልመጣላቸው ጉድጓዶች። ዝናብ ሲጥል ጉድጓዶቹ ውሃ ያቁሩና ወፎች መጥተው ይታጠቡባቸዋል። በፓርኩ የሚጠቀሙት ወፎቹ ብቻ ነበሩ። እቀናባቸው ነበር።

ሶፋው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። በግራ በኩል ሽቦው ወጥቷል።

«አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ቁጭ አትዪም? መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች እማዬ።

«አለ እንጂ፣ የሶፋው ሽቦ።»

እውነቱን ለመናገር ሽቦው ባይኖርም አልቀመጥም ነበር። ያን ሰሞን እረፍት የሚባል ነገር ከእኔ ርቆ ነበር። መጽሐፍ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ወደ ማድቤት እሄዳለሁ፣ ምን ልወስድ እንደሄድኩ ይጠፋኛል፣ ተመልሼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ምክንያቱ አባዬ ነበር።

አባዬ ከከተማው ዳር፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ስፓዛ አለው። ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና የሚሸጥባት ጠባብ የሰፈር ሱቅ ናት። የሚያድረውም እዚያው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ እሁድ እሁድ ሱቁን ለሸሪኩ ትቶ ለቸርች ወደ እኛ ይመጣል። እሱ ሳይኖር ቤቱን የሚያተራምሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህ ልጅ መራመድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የተፈጠረው ለመሮጥ ነው። የሚሮጥበት ቦታ ስለሌለ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ኳስ እየለጋ ይሮጣል፤ ኳሱም የሰው በር ሲያንኳኳ ይውላል። አንድ ቀን የሕንፃው ጠባቂ መጥቶ፣ ኳሱ አንድ ጊዜ እንኳን በር ቢመታ ሌላ ቤት ፈልጉ አለን።

በሚቀጥለው እሁድ አባዬ ይህን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«በቃ፣ እዚያ ቢያንስ ግቢ አለ። ትምህርት ሲዘጋ ባኪ ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃችሁን ጭነን ሁላችንም አንድ ላይ እንኖራለን።»

ባኪ የምንለው ኋላዋ ክፍት የሆነችውን የጭነት መኪና ነው። ያቺ ባኪ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሕልሜ ትመጣ ጀመር። ጓደኞቼ እዚህ ናቸው። ትምህርት ቤቴ እዚህ ነው። አስተማሪያችን የእኔን ጽሑፍ ለክፍሉ ጮክ ብላ ያነበበችው ገና በዚያው ወር ነበር! ደግሞ እንደ አዲስ፣ ማንም በማያውቀኝ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ልቀመጥ?

«ፓርኩ ካለቀስ?» አልኩት።

«ፓርኩ?» ሳቀ። «ፓርኩ ካለቀማ ማንም የትም አይሄድም። እንዲያውም እኔ ራሴ መጥቼ በሸርተቴው እንሸራተታለሁ!»

እኔ አልሳቅኩም። እማዬም አልሳቀችም።

ብዙም ሳይቆይ ሕንፃችን በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስለ ፓርኩ ስብሰባ አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ የሰፈሩ አዳራሽ። ለእማዬ አነበብኩላት። ቅዳሜ ስወርድ የቸርች እህቶቿን ሁሉ ጠርታ ጠበቀችኝ፤ ለብሰው አምረው፣ ለአምልኮ እንጂ ለስብሰባ የሚሄዱ አይመስሉም። የእኛ ሰዎች አገር ቤት ከደቡብ ናቸው፤ አንዷ ሐዲያ፣ አንዷ ከምባታ፣ አንዷ ወላይታ። እርስ በርስ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከከተማው አስተዳደር የመጣው ሰውዬ ክራባት አስሮ የፓርኩን ሥዕል ግድግዳው ላይ አሳየን። በሥዕሉ ላይ ሰዎች ሣር ላይ ተጋድመዋል፣ ዛፎቹ ከፎቅ ይረዝማሉ።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት ጎጎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ አያቱ የሚያከብራቸው ሴት፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ልጄ፣ ይህን ሥዕል አውቀዋለሁ። ያኔም ያምር ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬው አፈረ፤ ግን ሥዕሉን አጥፍቶ ወደ ፊት ራመድ አለ። የበፊቱ ተቋራጭ ሥራውን ጥሎ እንደሄደ፣ አሁን ግን ከተማው በጀቱን እንደመደበ ተናገረ። «ፓርኩን እንጨርሳለን። በከተማው ስም ቃል እገባላችኋለሁ» አለ።

እኔም ለእማዬ በሹክሹክታ «በጀት ተመድቧል፣ እንጨርሳለን ብሎ ቃል እየገባ ነው» አልኳት።

«አሜን!» አለች እማዬ።

በሹክሹክታ መስሏችሁ እንዳይሆን። እህቶቿም በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። እማዬ ግን ቦርሳዋን ለእኔ አስይዛኝ ተነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ቸርች አንድ ሰው «ጣራውን እኔ አሠራለሁ» ወይም «ወንበሮቹ በእኔ» ብሎ በጉባኤ ፊት ቃል ከገባ፣ ዝም ብሎ ወደ ቦታው አይመለስም። ወደ ፊት ይወጣል፣ እጅ ይጫንበታል፣ እንዲፈጽመው ይጸለይለታል። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ይህንን ነው። በእሷ ቤት ሰውዬው ቃል ገብቷል፤ ማንም ግን ሊጸልይለት አልተነሳም። አሳዘናት።

እህቶቿን አስከትላ መድረኩ ጋ ደረሰች፤ ሰውዬው ትከሻ ላይ እጇን ጫነች። «ሃይቦ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ እዚህ ሰው ጉድ ሲያይ የሚለው ነው። እኔ ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ብዬ እየተመኘሁ ሳለ እማዬ ዞር ብላ፣

«አንቺ! ምን ይገትርሻል? ነይ ተርጉሚ እንጂ!»

ሄድኩ። ቦርሳዋን ደረቴ ላይ አቅፌ ማይክራፎኑ አጠገብ ቆምኩ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጌታ ሆይ፣ ይህ ወንድማችን ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ቃል ገብቷል። ቃል መግባት ቀላል ነው፣ ለመፈጸም ግን ያንተ እርዳታ ያስፈልጋል። እንዳይዘናጋ ልቡን ጠብቅ። የሚያዘገዩት ቢነሱ መንገድ ክፈትለት። ልጆቻችን ኮሪደር ውስጥ እያደጉ ነው፣ አንተ ታያለህ። አሜን።»

አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እሷ ጨርሳ እኔ ቀጠልኩ። ሸርተቴው ላስቲኩ እንዳልተነሳ፣ ምሰሶዎቹ አናት እንደሌላቸው፣ ማቡኪያው እየዛገ እንደሆነ፣ ለዛፍ የተቆፈሩት ጉድጓዶች የወፍ መታጠቢያ እንደሆኑ። ሰውዬው አንድ ዓይኑን ገለጠ። እማዬም አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«የእኔ ጸሎት እኮ አልቋል። ምንድነው የምትቀባጥሪው?»

«ዝርዝሩን እየነገርኩት ነው።»

«ለማን?»

«ለጌታ።»

«ጌታማ ያውቀዋል። ለሰውዬው ንገሪው!»

ለሰውዬው ነገርኩት። ዓይኔን ገልጬ፣ ፊት ለፊት። ከየት አወቅሽው ሲለኝ በእጄ ወደ ላይ አመለከትኩ፤ ስድስተኛ ፎቅ፣ መስኮታችን። ያን ጊዜ ጎጎ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና በዙሉ መዝሙር አነሱ፤ አዳራሹ ተቀበላቸው። ቃሉን አላውቀውም፣ ግን አጨበጨብኩ። ለካ እነሱም ቤት ቃል የገባ ሰው ዝም ተብሎ አይለቀቅም!

መዝሙሩ ሲያበቃ እማዬ እጇን አላነሳችም። «መቼ በይው» አለችኝ።

ሰውዬው ክራባቱን ነካካ፣ የሥራ ባልደረባውን አየ፣ ባልደረባው ጣራውን አየ። በመጨረሻ ማይክራፎኑን ያዘና «ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ይከፈታል» አለ። እማዬ እጇን አነሳች።

ማታ ለአባዬ ደውለን ስንነግረው በሳቅ ፈረሰ። «የመንግሥት ሰው ላይ እጅ ጫናችሁ? እናንተ ሴቶች!» ከዚያ ግን ረጋ ብሎ «እሺ፣ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ። ካልሆነ ባኪዋ ትመጣለች» አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ የእኔ ነገር አይደለም። በየጠዋቱ ጥርሴን ሳልፋቅ ሶፋው ላይ እወጣለሁ። ወፎቹ ይታጠባሉ። ማቡኪያው እንደቆመ ነው። ጃካራንዳው አበባውን አርግፎ መንገዱን ሐምራዊ አደረገው፣ እኛ ሰፈር ግን መዶሻ የሚባል ድምፅ አልተሰማም።

«እማዬ፣ ሰውዬውን እንቆጣው!»

«ቁጣ ምን ያደርጋል? እየጸለይንልህ ነው በይው።»

ይህም የቸርች ነገር ነው። ቃል የገባን ሰው ማንም አይጨቀጭቀውም፤ እሁድ በሩ ላይ ሲገኝ ሁሉም እጁን እየጨበጠ «እየጸለይንልህ ነው» ይለዋል። በቃ። ወንበር ሊገዙ ቃል የገቡ አንድ ሽማግሌ በኋላ በር መግባት ጀምረው ነበር፣ በመጨረሻ ግን ገዙ። ሰውዬው ለሰዉ ሁሉ ካርዱን አድሎ ስለነበር ሰኞ ሰኞ መልእክት ላክንለት፦ «እየጸለይንልህ ነው።» መጀመሪያ አመሰገነን። ቀጥሎ፣ ወረቀቱ ፊርማ እየጠበቀ ነው አለን። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል እህቶች ሁሉ በየስልካቸው ላኩለት።

አንድ ጠዋት በሚጮህ ሞተር ነቃሁ። ሮጬ ሶፋው ላይ ስወጣ ሽቦው ጉልበቴን ጫረኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። የጭነት መኪና! አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች! ችግኝ! ወንድሜን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት፣ ሁለታችንም አልጋው ላይ ዘለልን፣ እማዬ «የሕንፃው ጠባቂ!» ብላ ጮኸችብን፣ እሷም እየሳቀች።

ግን ዝናብ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እየጠቆረ፣ በረዶ እየወረደ ሠራተኞቹን ይበትናቸዋል። የፈተናው ወረቀት ላይ ሳይቀር የማስበው ምሰሶዎቹን ነበር። እማዬ አንድ ቀን ብርድ ልብስ እያጠፈች ካርቶን ውስጥ ስትከት አየኋት። አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ትምህርት ተዘጋ። በዚያው እሁድ ከቸርች ስንመለስ አባዬ በሙሉ ሱፉ ባኪዋን እየነዳ ከኋላችን መጣ። ፓርኩ ጋ ስንደርስ ግን ቆርቆሮው አልነበረም። ጠዋት ስንወጣ የነበረው ቆርቆሮ! ተነቅሎ መሬት ላይ ተደርድሯል፤ በባዶው በኩል ሣሩ፣ ጠጠሩ፣ ቢጫው ሸርተቴ ይታያል። ወንድሜ ማንንም ሳይጠይቅ ገባ፣ ሮጠ፣ ዞረ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ሠራተኞቹ አልከለከሉትም።

አባዬ ቁልፉን እያሽከረከረ በዝግታ ገባ። ቀና ብሎ ምሰሶዎቹን አየ።

«መብራት የለውም። አላለቀም።»

ያን ጊዜ ያ ሰውዬ፣ ክራባት የለ፣ ምን የለ፣ ሰደርያ ለብሶ ከጭነት መኪናው ጀርባ ብቅ አለ። እማዬን ሲያያት ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ማማ፣ አምፖሎቹ መኪናው ላይ ናቸው! ነገ ይሰቀላሉ! እባክሽ፣ እስከ ነገ አትጸልዪ!»

ተረጎምኩ። አባዬ ሊስቅ ፈልጎ ያዘው። እማዬ ግን ወደ ሸርተቴው አመለከተች።

«ሸርተቴው አልቋል?»

«ይመስላል» አለ አባዬ።

«እንግዲያው ውጣ። ቃል ገብተሃል።»

«አንቺ ሴት፣ በሱፍ?»

«አሜን!» አልኩ እኔ።

ወንድሜና እኔ ላስቲኩን ተሻምተን ላጥነው። አባዬ ግራ ቀኙን አይቶ የሱፉን ጃኬት ለእማዬ ሰጣት፣ መሰላሉን ወጣ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና ሄደ። ታች ሲደርስ ጠጠሩ ላይ በመቀመጫው አረፈ። ሠራተኞቹ ያፏጫሉ፤ ሰውዬው ያጨበጭባል። አባዬ ግን ቶሎ አልተነሳም። እዚያው ቁጭ ብሎ ወንድሜን ሲሮጥ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። ይህን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ግቢው፣ ባኪዋ፣ ሁሉም ነገር ይኸው ነበር ለካ። አጠገቡ ጠጠሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቅዳሜ ማታ መጥተህ እኛ ጋ ብታድርስ?» አልኩት።

«ሸሪኬን ልጠይቀው። እሺ። እናንተ ግን እዚሁ ሁኑ።»

ባኪዋ ባዶዋን አልተመለሰችም። እማዬ ሶፋውን አስወረደችው፤ አባዬ ከሱቁ ጀርባ የሚቀመጥበት ይኑረው ብላ። ሽቦውን በፒንሳ እቆርጠዋለሁ አለ። መስኮቱ ሥር አሁን ባዶ ነው፣ ወጥቼ የማይበት ነገር የለም። ይህንን የምጽፈው ፓርኩ ውስጥ ነው፣ አዲስ ቀለም የሚሸት አግዳሚ ላይ። ከላይ ያሉት አምፖሎች ሁሉም በርተዋል፣ ገና አልመሸም እንኳን። ወንድሜ ኳሱን ወደ እኔ ለጋው፣ እዚህ ደግሞ የሚመታው በር የለም። እማዬ ከመስኮቱ ሆና ቁጭ ብለሽ ጻፊ እያለች ትጮሃለች።

ቆይ እማዬ፣ ኳሱን አንድ ጊዜ ልምታውና እመለሳለሁ።