ውሃ ውስጥ የጠነከረው ቀይ አሽ

አመድ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠነከረ ብሎ መጻፍ ለማን ይጠቅማል? ይህን ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ምናልባት ነገሩ ከእኔና ከአባቴ በቀር ማንንም አያስገርም ይሆናል። እኔን ግን እስካሁን ይገርመኛል።

ሐርጌሳ ውስጥ የምሕንድስና ትምህርት የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። አንድ መምህራችን ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር ሆኖ፣ ከሲሚንቶ ጋር ለመቀላቀል የትኛው የእሳተ ገሞራ አመድ እንደሚሻል ያወዳድር ነበር። እኔም ልግባ ብዬ ለመንኩት።

«ናሙናውን ራስሽ አምጪ» አለኝ። «ከኖራ ጋር ተቦክቶ ውሃ ውስጥ ከጠነከረ ከእኛ ጋር ትሠሪያለሽ። ካልጠነከረ ሦስተኛ ዓመት ስትደርሺ እንገናኛለን።»

ኖራ ብቻውን ውሃ ውስጥ አይጠነክርም። ጥሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ሲገባበት ግን ይደነድናል። ፈተናው ይኸው ነበር።

አባቴ ከበርበራ ወደብ እስከ ሞጆ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ስደውልለት ጅግጅጋ ደርሶ ነበር፤ መስመሩ ይቆራረጣል።

«አባ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ አምጣልኝ!»

«የእሳት ምን?»

«አመድ! አመድ!»

«እሺ ገባኝ። ኢንሻአላህ።»

ሲመለስ አንድ ጆንያ ይዞልኝ መጣ። ግራጫ ነው፤ ሲዳስሱት እንደ ዱቄት ይለሰልሳል። የእሳተ ገሞራ አመድ አይቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። ነፋሁት፣ ከኖራ ጋር አቦካሁት፣ ቅርጽ ውስጥ ጨመርኩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አቆየሁት። ከዚያ ሁሉም እያዩ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት።

ውሃው ደፈረሰ። ጥቂት ቆይቶ ባልዲው ውስጥ የቀረው ጭቃ ብቻ ነበር። ወላጆቹ እንደ እኔ ወላጆች ከድሬዳዋ የመጡ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እጁን ሰዶ ከጭቃው ውስጥ የከሰል ስባሪ አወጣ።

«እህቴ፣ ይሄ ተራራ ዳቦ ይጋግር ነበር እንዴ?» አለኝ በአማርኛ።

መምህሩ ምን እንዳለ ጠየቀው። በሶማልኛ ሲነግረው ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እንባዬን እየዋጥኩ ሳቅሁ። መምህሩ ግን «እውነተኛውን ካገኘሽ አምጪው፤ አንዴ ደግሜ አይልሻለሁ» አለኝ።

ቤት ስገባ አባቴን ጠየቅሁት።

«የዳቦ ቤት ምድጃ አመድ ነው» አለኝ። «የእሳት አመድ አላልሽኝም? ባለቤቱ እየሳቀብኝ፣ ልጄ ለትምህርቷ ፈልጋው ነው ብዬ ኮርቼ ነው ያመጣሁት።»

«የእሳተ ገሞራ ነው ያልኩህ! ድሮ እሳት ከተፉት ተራሮች የሚቆፈረው፣ መንገድ የሚሠሩበት ቀዩ…»

«ቀይ አሽ?»

«አዎ እሱ!»

«ታዲያ ቀይ አሽ አትይም? ቀይ አሽ እኮ ጠጠር ነው፤ ማን አመድ ይለዋል!»

በቀጣዩ ጉዞው አመጣልኝ። አንዱን ጠጠር መዳፌ ላይ አደረግሁት። ሁለመናው ቀዳዳ ነው፤ ከመጠኑ አንጻር በጣም ይቀላል። እነዚያ ቀዳዳዎች ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈላ በውስጡ የነበረው ጋዝ የተዋቸው ናቸው። ሰው ያላየው እሳት ትንፋሽ እጄ ላይ ተቀመጠ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ሽርጡን ሰብስቦ ተቀመጠና ሙቀጫውን ተቀበለኝ። እሱ ይወቅጣል፣ እኔ እነፋለሁ። ግቢያችንም ቅንድባችንም ቀላ። ከዚያ እንደ በፊቱ ከኖራ ጋር አቡክቼ ቅርጽ አስያዝኩት።

በሁለተኛው ፈተና ቀን አባቴም ሊያይ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። የእኔን ቀዩን፣ ሌሎቹ ፐሚስ ከሚባለው ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሠሩት ጎን ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ውሃው እንደጠራ ቀረ።

መምህሩ ሁለቱንም እዚያው ውሃ ውስጥ አቆያቸው። ከሳምንታት በኋላ ሲያወጣቸው አባቴ እንደገና መጥቶ ነበር። ጥንካሬ በሚለካበት መጭመቂያ ማሽን ላይ የእኔ ቀድሞ ተሰበረ፤ ፐሚሱ በልጦታል። ግን ሲሰበር እንደ ድንጋይ ጮኸ። አባቴ ስባሪውን አንስቶ በጥፍሩ ሊፍቀው ሞከረ፤ አልተፋቀለትም።

«ሱብሃነላህ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄን ሁሉ ዘመን በላዩ ላይ ስነዳ!»

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «ግራጫው ይበልጣል፤ ያንቺም ግን ይሠራል። ከቅዳሜ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነሽ።»

ዕለቱ ረቡዕ፣ ጥር 27 ቀን ነበር።