ከማሠልጠኛው በር የመጣው ልብስ

ባለፈው ሳምንት ላሊበላ ገበያ ላይ ዝናብ ሲያባርረኝ አሮጌ ሸራ ከሚሸጥበት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ፤ የረጠበው ሸራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንደገባ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አሻግሮ ያደግኩበት መንደር ብልባላ፣ ከቤታችን በላይ ካለው ሜዳ ላይ አደረሰኝ።

ሜዳው የገብስ ማሳ ነበር። አንድ በጋ መኪኖች መጡ፣ ድንኳን ተተከለ፣ የሽቦ አጥር ዞረበት፣ ወታደር ማሠልጠኛ ሆነ፤ እኛም በፊሽካው መንቃት፣ በፊሽካው ምሳ መብላት ለመድን። የሰፈሩ አህያ ሳይቀር «ቁም!» ሲባል ቀጥ ይላል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቀልዱ ያበቃው ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ተመልምሎ የገባ ዕለት ነው።

በሳምንቱ እናቴ ቆሎ ይዛለት ሄደች። ልጇን አላሳዩአትም፤ መለዮ ስለለበሰ ከእንግዲህ አያስፈልገውም ብለው ቁምጣውንና ጋቢውን ጠቅልለው ሰጧት። እኛ አገር ደግሞ ሰው ሩቅ ቦታ ሲሞት፣ ሬሳው ስለማይመጣ በልብሱ ይለቀስለታል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ እናቴ ጥቅሉን ታቅፋ ቁልቁል ስትወርድ ቢያዩ፣ ምንድነው ሳይሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጮኹ። መንደሩ ተከተላቸው፤ የንስሐ አባታችን እንኳ እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ እኔም ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ። እናቴ እየሮጠች መሀላችን ገብታ፣ «ልጄ ደኅና ነው! ምነው ታሟርቱበታላችሁ!» ስትል ለቅሶው ወደ ሳቅ ዞረ። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ሠልጣኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ግንባር ተጫኑ። ጦርነቱ ሲያበቃ ማሠልጠኛው ፈረሰ፤ ሜዳው መልሶ ገብስ ተዘራበት። ከሰፈሩ ልጆች የተረፉት ተመለሱ፣ የቀሩትም መርዷቸው ተነግሮ ተለቀሰላቸው። የሲሳይ ግን ሞቱም ሕይወቱም ሳይሰማ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ሽማግሌ ይዘው መጡና፣ አልቅሽለትና ይውጣልሽ፣ ተዝካሩንም አውጪለት ብለው ለመኗት።

እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸውና፣ «አባ፣ እርስዎም አልቅሰውለት አልነበር? ያን ቀን አገር ምድሩ አልቅሶለታል። ሁለተኛ አላስለቅስበትም» አለቻቸው።

እንዳለችውም ሳታስለቅስበት ሞተች። ዝናቡ አባርቶ ሰው ሁሉ ከበረንዳው ሲበተን እኔ እዚያው ሸራው አጠገብ ቀረሁ። ወንድሜ ከዚህ ዓለም ያገኘው ለቅሶ ያ ብቻ ነው፤ እሱንም አጥሩ ውስጥ ቆሞ፣ ማን ሞቶ ይሆን እያለ ሰምቶታል።