ሳያዩኝ ይስሙኝ

ሶዶ ውስጥ የመኪና ስፒከር የሚገጥሙ ሰዎች ሲያወሩ ይጮኻሉ። አልፈርድባቸውም፤ ቀኑን ሙሉ በዚያ ጩኸት መሃል የሚውል ሰው ጆሮው ምን ይቀረዋል! ዕቃቸውን የሚመዝኑትም በጆሮ አይደለም። የኋላው መስታወት ከተንቀጠቀጠ፣ ታርጋው ከተንኳኳ፣ መንገደኛው ደንግጦ ከዞረ፣ "ቤዝ ማለት ይሄ ነው!" ይሉሃል። እኔ ደግሞ ጫጫታ አልወድም። ኮንትራት በምሠራባት አሮጌ መኪናዬ ዜና ከሰማሁ ይበቃኛል። የሚስቴ ነገር ባይሆን ኖሮ እነዚያ ሱቆች ደጃፍ ምን ሊያቆመኝ።

ሚስቴ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ከበሮ መቺ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ከበሮው ፊት ስትቆም ግን ምእመኑን ሁሉ ከወንበሩ የምታስነሳው እሷ ነበረች። ከዚያ ጀርባዋን ያማት ጀመር። እግሯ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ አልታዘዝ አላት፣ በመጨረሻ ዊልቸር ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ በሽታው ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን ነገረን። ወደ ቤት ተመለስን። ደጃችን ስንደርስ፣ "እንግዲያው እጄ ጋ እስኪደርስ ከበሮዬን ልምታ" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሕመሙን ትችለው ነበር። ያልቻለችው ከንፈር መጠጣውን ነው። ገበያ ስናልፍ፣ ሰው ቤት ስንገባ፣ የሚያውቃትም የማያውቃትም ከንፈሩን ይመጥጥላታል። "እነዚህ ሰዎች ከንፈራቸው አያልቅም እንዴ?" ትለኝ ነበር። ምላሷ ስለት ነው። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ግን ታለቅስ ነበር።

የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲደርስ ወላይታ ሁሉ ወደ ተወለደበት ግቢ ይገባል። የትም ይሁን የት፣ ያኔ ከቤተሰቡ የሚቀር ሰው የለም። የእሷ ቤተሰቦች ከገሱባ ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት። ከዊልቸሩ ጋር መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ግቢው በጭፈራ ደምቆ ነበር። ዊልቸሩን አውርጄ ስዘረጋው ጭፈራው ቀጥ አለ። አማቴ፣ እናቷ፣ ደረታቸውን መቱ፤ ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። በሬ ታርዶ፣ የበርበሬ ዳጣው ተፈጭቶ፣ ያን የመሰለ ዓመት በዓል ለቅሶ ቤት ሆነ። እሷ ሥጋውን እንኳ ሳትነካ ዋለች። "በቁሜ አለቀሱኝ እኮ" አለችኝ ስንመለስ።

ቀጣዩ ጊፋታ ሲቃረብ አንድ ነገር ይዛ ተነሳች። መዘምራኑ ያስቀረጹት መዝሙር ነበር፤ ከበሮው የእሷ ነው።

"ዘንድሮ ሳያዩኝ ይስሙኝ" አለችኝ። "ከግቢያችን ወዲህ ያሉት ባሕር ዛፎች ጋ ስንደርስ ከበሮዬን ክፈትልኝ። መጣች ብለው እየሮጡ ይውጡ። አንዴ እየጨፈሩ ከወጡ ወዲያ ዊልቸሩን ቢያዩት ባያዩት ግድ የለኝም።"

እኔ ጫጫታ ጠሉ ሰውዬ፣ በነጋታው መናኸሪያው አካባቢ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆምኩ። እሷ የመኪናውን በር ከፍታ ተቀምጣለች። ስፒከር ገጣሚው ዋናው ነገር ስፒከሩ ሳይሆን የሚገባበት ሳጥን መሆኑን እየጮኸ አስረዳን። ሁለት ሳጥን አወጣ። አንደኛው ትልቅ፣ ፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው፤ አየሩ በቀዳዳው ስለሚወጣ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። ሌላኛው ትንሽ፣ ዙሪያውን የተዘጋ፤ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ግን ከመኪናው ብዙ አይርቅም።

ሁለቱንም በእሷ መዝሙር አስሞከረችው። በትልቁ ሲከፈት መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሻይ የሚጠጡት ሳይቀሩ ዞሩ። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

"ሩቅ ይደርሳል" አለች። "ግን ያዛጋል። አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል።"

በትንሹ ሲከፈት ጣቶቿ ጭኗ ላይ መምታት ጀመሩ። "ይሄ እጄ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወደ ገጣሚው ዞራ፣ "ትልቁን ግጠምልን" አለችው።

ትልቁን የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስናስገባው ከጥግ እስከ ጥግ ሞላው። ዊልቸሩን አጣጥፌ በጎኑ ሞከርኩ፣ በቁሙ ሞከርኩ፣ ጎማውን ፈትቼ ሞከርኩ። ወይ ፍንክች! ክዳኑ አልገጥም አለ፤ በጠባቡ የኋላ በርም ወደ ወንበሩ አልገባ አለ።

"ጣራው ላይ እሰረው" አለችኝ።

"ታዲያ ከሩቅ የሚያዩት እሱን አይደል እንዴ!"

ይህን አላሰበችውም ነበር። "እንግዲያው ቤት ይቅር። አንተ ተሸክመህ ታስገባኛለህ።"

መሸከሙ አያቅተኝም። ግን ጀርባዋ ያለ ዊልቸሩ ድጋፍ ቀጥ ብሎ አይቆምም። መደገፊያ የሌለው ዱካ ላይ ብትቀመጥ ትወድቃለች፣ አልጋ ላይ ብትጋደም ደግሞ ያው እንደ ሕመምተኛ ሊጠይቋት ይሰለፋሉ። ይህን ስላት ተቆጣች፣ እኔም ብሶብኝ ጮህኩ። ገጣሚው መሃላችን ገብቶ፣ "ትልቁን ውሰድ ወንድሜ፣ ሰርገኛ ይወድልሃል!" ይላል። ዝም በል ብዬ እሱም ላይ አምባረቅሁበት። በመጨረሻ እሷ፣ "እሺ፣ ትንሹ ይሁን። መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ቀስ ብለን እንገባለን" አለች። ትንሹን አስገጠምን፣ ዊልቸሩም አጠገቡ ገባ።

ለጊፋታ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ሄድን። የገሱባ መንገድ በክረምቱ ተቦርቡሮ ስለነበር ጀርባዋን እንዳያማት እየተጠነቀቅሁ በእርጋታ ነዳሁ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ መስኮቶቹን አወረድኩ፣ መዝሙሩን እሷ ራሷ ከፈተችው። መኪናው ውስጥ ከበሮዋ ጥርት ብሎ ይመታል፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ግቢው ታያለች። ግቢው ውስጥ ግን ጭፈራ ደርቷል፣ የሰማን የለም። አጥሩ ጋ እስክንደርስ ማንም አልወጣም። ያየችን ጎረቤታቸው ናት፤ ያየችውም ዊልቸሩን ሳወርድ ነው። ጠራቻቸውና ወጡ፣ አማቴ እንደ አምናው ደረታቸውን መቱ። ሚስቴ ከተቀመጠችበት እጇን ዘርግታ መዝሙሩን ዘጋችው። ያን ጊዜ ያየሁባትን ፊት እግዚአብሔር ለማንም አያሳይ።

ስንመለስ ሶዶ ልንገባ ስንል፣ "ለከርሞ ትልቁን እናስገጥማለን" አለችኝ። እሺ አልኳት። ዊልቸሩስ የት ይገባል ብላ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ከዚያ በሽታው እጇ ጋ ደረሰ። ማንኪያ መያዝ ሲያቅታት እኔ አጎርሳታለሁ፤ ሲከፋት ከበሮዋን እከፍትላታለሁ። ክረምቱ ሲገባ ሞተች። የሰው ቤት እንደዚያ ባዶ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ዊልቸሩን ከሠፈራችን እግሩን ለሚያመው አንድ ሽማግሌ ሰጠሁት። ከሰጠሁት በኋላ የመኪናዬን የኋላ ክዳን በከፈትኩ ቁጥር እጄ ዊልቸሩን ሊያወርድ ይዘረጋል። ትንሿ ሳጥን አንድ ጥግ ተቀምጣለች፣ ሌላው ቦታ ባዶ ነው።

ጊፋታ ሲቃረብ ያው ሱቅ ሄድኩ። ገጣሚው ገና ሲያየኝ፣ "አላልኩህም! ትልቁን ፈልገህ መጣህ አይደል?" ብሎ ጮኸ። ክዳኑን ሲከፍት ቆም አለ። "ዊልቸሩስ?" አለኝ። ነገርኩት። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ መዝሙሩንም ሳይሞክር፣ ዝም ብሎ ሳጥኑን ገጠመልኝ። ያለ ምንም ጣጣ ገባ፣ ክዳኑም ገጠመ።

የገሱባን መንገድ ብቻዬን ነዳሁት። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስደርስ ቆምኩ። መክፈት ፈራሁ፣ እውነቴን ነው፤ ሐዘን ቤት ከበሮ ይዞ የሚገባ አማች ምን ይባላል? ግን ቃሌ ነው፤ እሺ ብያት ነበር። ከፈትኩት። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ታርጋው ተንኳኳ፣ እሷ እንዳለችውም ከበሮው ያዛጋ ነበር። ዘንድሮ ግቢው ውስጥ ጭፈራ የለም። ገና አጥሩ ጋ ሳልደርስ፣ መኪናዬን ሳያዩ፣ ከቤት እየሮጡ ወጡ። አማቴ ከሁሉም ፊት ናቸው፤ ነጠላቸው መንገድ ላይ ወድቋል፣ አላነሱትም። ከንፈሩን የመጠጠ አንድም ሰው አልነበረም።

አማቴ እኔን አልፈው ዊልቸሩን ወደማወርድበት ወደ ኋላ ሄዱ። ክዳኑን ከፈትኩላቸው። ሳጥኑን አዩት፤ እጃቸውን ዘርግተው ላዩ ላይ አሳረፉ። ከበሮው ከመዳፋቸው ሥር ይመታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በወላይትኛ፣ "መጣች ብዬ እኮ ነው የሮጥኩት፣ ልጄ" አሉኝ።